እርሳስ፣ የጓሮ አፈርና የቤተሰብ ገበታ

በአማርኛ «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይወክላል። አንደኛው ተማሪ ሁሉ የሚጽፍበት መሣሪያ ነው። ሁለተኛው በግእዝ «ዐረር» የሚባለው፣ የአቶም ቁጥሩ 82 የሆነ፣ ከባድ፣ ለስላሳና ግራጫማ ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። የመጻፊያው እርሳስ ልብ ከግራፋይትና ከሸክላ የተሠራ ሲሆን፣ ግራፋይት ደግሞ ከካርቦን ዓይነቶች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን፣ መርዛማውን እርሳስ ነው።

በከተማ የሚኖር ቤተሰብ በግቢው ጥግ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ካሮት ቢያለማ የገበያ ወጪውን ይቀንሳል፤ ልጆቹም ትኩስ አትክልት ያገኛሉ። ይሁን እንጂ የከተማ አፈር ብዙ ነገር ያለፈበት አፈር ነው። ለአሥርት ዓመታት የተሽከርካሪ ጭስ፣ የተላጠ የግድግዳ ቀለም፣ የአሮጌ ባትሪ ስባሪና የብረታ ብረት ሥራ ትራፊ ሲወርድበት ኖሯል። ታዲያ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የበቀለ ምግብ ይበላልን? ወይስ ጓሮው ጭራሽ መተው አለበት?

እጅግ ከተበከሉ ቦታዎች በቀር ጓሮውን መተው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣ ለይቶ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው መርዙ በአትክልቱ ሥር ተስቦ በምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ይመስለዋል። በእርሳስ ረገድ ግን ዋነኛው መንገድ ሌላ ነው፤ በእጅ፣ በጫማ፣ በቅጠል ላይና በአቧራ አማካይነት አፈሩ ራሱ ወደ አፍ ይገባል። ይህን የተረዳ ሰው የሚወስዳቸውን ጥንቃቄዎች ከነምክንያታቸው በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርሳስ ወደ ከተማ አፈር እንዴት ገባ?

እርሳስ በምድር ቅርፊት ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። የሰው ሥራ ያልነካው አፈር በአንድ ኪሎግራም ውስጥ በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ሚሊግራም እርሳስ ይይዛል። ከዚህ እጅግ የበለጠ መጠን በከተማ አፈር ውስጥ ሲገኝ ምንጩ በአመዛኙ ሰው ነው። ከምንጮቹ ሦስቱን ዋና ዋናዎች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ቤንዚን ነው። በ1921 አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ሚድግሌይ ቴትራኤታይል ሌድ የተባለው ውህድ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የሞተርን መንኳኳት እንደሚያስቀር ደረሰበት፤ በ1923ም ይህ ቤንዚን ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት መኪኖች በሄዱበት ሁሉ ከጭስ ማውጫቸው ጥቃቅን የእርሳስ ብናኝ ሲረጩ ኖሩ። የምድርን ዕድሜ በእርሳስ አይሶቶፖች ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን በ1956 ያሳወቀው የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ክሌር ፓተርሰን፣ ከእርሳስ የጸዳ ቤተ ሙከራ ማዘጋጀት እጅግ አስቸግሮት ነበር። በዚህም ምክንያት የብክለቱን ስፋት ተገነዘበ፤ በ1965 ባሳተመው ጽሑፍም የሰው ልጅ ከተፈጥሮው መጠን እጅግ በላቀ እርሳስ ውስጥ እየኖረ መሆኑን አስጠነቀቀ።

ይህ ብናኝ በመጨረሻ የሚያርፈው በአፈር ላይ ነው። ተመራማሪው ሃዋርድ ሚልኬና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማና እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ዙሪያዋ ከሚገኙ የአትክልት ጓሮዎች አፈር ሰብስበው መረመሩ። በ1983 በታተመው ውጤታቸው ከፍተኛው የእርሳስ መጠን በከተማዪቱ መካከል ተከማችቶ ተገኘ። በዚያ አካባቢ የነበሩት ቤቶች ግን በአብዛኛው ቀለም ያልተቀቡ የጡብ ቤቶች ነበሩ። ስለሆነም ጥፋቱን ሁሉ በቤት ቀለም ላይ መጫን አልተቻለም፤ ጣት የተቀሰረው ተሽከርካሪ በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ ሆነ።

አሜሪካ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው ከ1996 መግቢያ ጀምሮ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር ተሰብስበው ይህን ቤንዚን ለመተው ተስማሙ፤ እስከ 2006 መባቻ ባለው ጊዜም ኢትዮጵያን ጨምሮ ተዉት። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ጭሱ ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም በአፈር ላይ ያረፈው ግን አሁንም በዚያው አለ።

ሁለተኛው ምንጭ ቀለም ነው። የእርሳስ ካርቦኔት ለነጭ፣ የእርሳስ ክሮሜት ለቢጫ ቀለም ሲያገለግሉ ኖረዋል። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን በ1978 ከለከለች። በአገራችንም በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በአንድ ኪሎግራም ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ በር፣ መስኮትና አጥር ሲላጥ ወይም ሲፋቅ ግን ቅርፊቱና ዱቄቱ ከግድግዳው ሥር ይወድቃል።

ሦስተኛው የመኪና ባትሪ ነው። አሮጌ ባትሪ ተሰብሮ እርሳሱ በሚቀልጥበት ሠፈር ብክለቱ ከሌሎቹ ምንጮች ሁሉ ይበረታል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በምትገኘው በቲያሮይ ሱር ሜር ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። ነዋሪዎች የባትሪ ትራፊ የተቀላቀለበትን አፈር እየነፉ እርሳሱን ይለቅሙ ነበር። በምርመራው ከቤት ውጭ ባለው አፈር እስከ 302,000፣ በቤት ውስጥ ደግሞ እስከ 14,000 ሚሊግራም በኪሎግራም እርሳስ ተገኘ፤ ደማቸው የተመረመረው 81 ሰዎችም ሁሉም ተመርዘው ነበር። እነዚህ ልጆች የተመረዙት በአፈርና በአቧራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

የእርሳስ አዮን በኤሌክትሪክ ሙሉ እንደ ካልሲየም አዮን ሁለት አዎንታዊ ነው። ሰውነታችን ካልሲየምንና ብረትን በሚያስገባባቸው በሮች እርሳስም ተመሳስሎ ይገባል። በአንጎል ሴሎች መካከል የሚደረገውን የመልእክት ልውውጥ ያውካል፤ የደም ሄሞግሎቢን በሚሠራበት ሂደት የሚሳተፉ ኢንዛይሞችን ያግዳል፤ በአጥንት ውስጥ ገብቶም በካልሲየም ቦታ ይቀመጣል። በደም ውስጥ ያለው ግማሹ በአንድ ወር ገደማ ሲወገድ፣ በአጥንት ውስጥ የተከማቸው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እናት በምታረግዝበት ጊዜ ከአጥንቷ ካልሲየም ሲለቀቅ እርሳሱም አብሮ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል።

አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በትንንሽ ልጆች ግን እስከ ግማሹ ሊደርስ ይችላል። ባዶ ሆድ፣ የብረትና የካልሲየም እጥረት ደግሞ ይህን ያባብሱታል። በልጅ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት በትምህርት አቀባበልና በጠባይ ላይ የሚታይ ሲሆን በአብዛኛው አይመለስም። ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው የብክለት ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድለት ይመክራል።

ከአፈር ወደ አፍ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በጓሮ አፈር ውስጥ ያለ እርሳስ ወደ ሰው የሚደርስባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ተክሉ በሥሩ የሚስበው ነው። ሌላው ሰው በቀጥታ የሚውጠው አፈር ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ተፈጥሮ ራሷ እንቅፋት አኑራለች። እርሳስ በአፈር ውስጥ ከሸክላ ቅንጣቶች፣ ከብረትና ከማንጋኒዝ ኦክሳይዶች፣ ከብስባሽና ከፎስፌት ጋር አጥብቆ ይተሳሰራል፤ በውሃ የሚሟማው ክፍል ጥቂት ነው። ሥሩ ዘንድ የደረሰውም ቢሆን በአብዛኛው በሥሩ ሴሎች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ አልፎ ወደ ግንዱ መውጣት የሚሻው ኢንዶደርሚስ የተባለውን የሥር ውስጠኛ ሽፋን መሻገር አለበት። ይህ ሽፋን በሴሎቹ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ካስፓሪያን ስትሪፕ የሚባል መቀነት ስላለው አብዛኛውን እርሳስ ያስቀራል። በዚህም የተነሣ በሥር ብዙ፣ በቅጠል ያነሰ፣ በፍሬና በዘር ደግሞ እጅግ ያነሰ እርሳስ ይገኛል።

ሁለተኛውን መንገድ በስሌት እንየው። አንድ የጓሮ አፈር በኪሎግራም 400 ሚሊግራም እርሳስ አለው እንበል። ይህም በአንድ ሚሊግራም አፈር ውስጥ 0.4 ማይክሮግራም ማለት ነው። በእጁ እየዳሰሰ፣ እጁንም ወደ አፉ እየከተተ የሚጫወት ሕፃን በቀን 100 ሚሊግራም ያህል አፈርና አቧራ ቢውጥ፣

100 × 0.4 = 40 ማይክሮግራም

እርሳስ ወሰደ ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 ለልጆች ከምግብ የሚገኝ እርሳስን ለመመዘን ያወጣው የማነጻጸሪያ መጠን በቀን 2.2 ማይክሮግራም ነው። ሕፃኑ ምንም አትክልት ሳይበላ፣ በእጁ ብቻ የዚህን 18 እጥፍ ወስዷል።

ሌላ ስሌት እንጨምር። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የወሰነው ከፍተኛ መጠን በኪሎግራም 0.3 ሚሊግራም ነው። በ100 ግራም ሰላጣ ሲሰላ 30 ማይክሮግራም ይሆናል። ከላይ በጠቀስነው አፈር 30 ማይክሮግራም እርሳስ በስንት አፈር ውስጥ ይገኛል? 30 ሲካፈል ለ0.4፣ 75 ሚሊግራም ነው። በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው የማይበልጥ አፈር ነው። ሰላጣው በሥሩ ምንም እርሳስ ባይስብ እንኳ፣ በቅጠሉ እጥፋት ውስጥ የቀረው ይህ ቁንጥር አፈር ብቻውን ከወሰኑ ያደርሰዋል። ሁሉም ጥንቃቄ የሚያነጣጥረው በዚህ ቁንጥር አፈር ላይ ነው።

የአፈሩን ታሪክ መጠየቅ፣ ከዚያም መመርመር

እርሳስ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ በተበከለ አፈር ላይ የበቀለ ጎመንም ከሌላው እኩል ይለመልማል። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም። ሥራው የሚጀምረው ታሪክ በመጠየቅ ነው። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ፣ ብረት ማቅለጫ ወይም ቆሻሻ ማቃጠያ ነበርን? ብዙ መኪና የሚያልፍበት አሮጌ መንገድ ይዋሰነዋልን? በአጠገቡ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ቤት አለን? አካባቢውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ አዛውንት በዚህ ረገድ ከማንኛውም መዝገብ የተሻለ መረጃ ሊሰጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ናሙና ይወሰዳል። አትክልት ከሚተከልበት ቦታ ከአምስት እስከ አሥር ከሚሆኑ ነጥቦች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ቆፍሮ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቆ አንድ ናሙና ማውጣት ያስፈልጋል። ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ግን የሚወሰደው የላዩ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እጃቸው የሚነካው እርሱን ነውና። ከጣሪያ ጠፈጠፍ ሥርና ከመንገድ ዳር ያለው ለየብቻው ይያዛል። በቤተ ሙከራ መጠኑ የሚለካው በአቶሚክ አብሶርፕሽን ስፔክትሮሜትር ወይም በኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩ እንዴት ይነበባል? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ግቢ አፈር ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልግበት መነሻ አድርጎ የያዘው 400 ሚሊግራም በኪሎግራም ነበር። በ2024 መጀመሪያ ወደ 200 ዝቅ አደረገው። በእነዚህ ዓመታት አፈሩ አልተለወጠም፤ አነስተኛ መጠን በልጆች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያለው እውቀት ነው ያደገው። እንግዲህ ቁጥሩን ደህናውን ከአደገኛው እንደሚለይ ግንብ መቁጠር አይገባም። ለተግባር ያህል ከ100 በታች ከሆነ የተለመደው ንጽሕና ይበቃል። ከ100 እስከ 400 ባለው የሰብል ምርጫ፣ ብስባሽ፣ አፈር መሸፈንና በሚገባ ማጠብ ያስፈልጋሉ፤ ከ200 በላይ ሲሆን በተለይ ልጆች በባዶው አፈር ላይ እንዳይጫወቱ መጠንቀቅ ይገባል። ከ400 በላይ ሲሆን ምግብን በዚያው አፈር ውስጥ መትከል ትቶ ከውጭ በመጣ ንጹሕ አፈር ላይ ማልማት ይመረጣል። በሺዎች የሚቆጠር ከሆነ ቦታው መሸፈንና ከጓሮ ሥራ መገለል አለበት።

ምን፣ የት እንትከል?

ስለ ሥርና ስለ ካስፓሪያን ስትሪፕ ያነሣነው የሰብል ምርጫን ይመራል። አጠራጣሪ አፈር ላይ በቅድሚያ የሚመረጡት ፍሬያቸው የሚበላ ተክሎች፣ ማለትም ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ዱባ፣ ፎሶሊያና በቆሎ ናቸው። ፍሬው ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚንጠለጠል አፈር አይነካውም፤ ልጣጩም ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይታጠባል።

ቅጠላ ቅጠሎች መካከለኛ ናቸው። ቆስጣና ሰላጣ ሰፊና የተጨማደደ ቅጠላቸውን ወደ መሬት ዘርግተው ዝናብ የሚረጨውን አፈር ይይዛሉ። ጥቅል ጎመን ግን ውጨኛ ቅጠሎቹ ተነሥተው ሲጣሉ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በተበከሉ ወንዞች ውሃ ከሚለሙ ማሳዎች የተወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምሮ፣ በአንዳንዶቹ እርሳስ ከሚፈቀደው መጠን በላይ መሆኑን፣ ከተመረመሩት መካከልም አነስተኛውን ብረት አስተኔ የያዘው ጥቅል ጎመን መሆኑን አሳይቷል። ይህ ጥናት ስለ መስኖ ውሃም ያሳስበናል፤ ንጹሕ አፈርን በተበከለ የወንዝ ውሃ ማጠጣት ጥንቃቄውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በመጨረሻ የሚመጡት ከመሬት ውስጥ የሚወጡት ካሮት፣ ቀይ ሥርና የመሳሰሉት ናቸው። ካሮትን መላጥ የላዩን አፈር ያስወግዳል እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀውን እርሳስ ሁሉ አያወጣም። ድንች በሥነ ዕፅዋት አነጋገር ሥር ሳይሆን ያበጠ ግንድ በመሆኑ ከካሮት ያነሰ ይይዛል፤ ሆኖም ሳይላጥ መበላት የለበትም።

የቦታ ምርጫም ቀላል ደንብ አለው። ከአሮጌ የተቀባ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ጠፈጠፍና ከመንገድ በተቻለ መጠን መራቅ ነው። በመንገዱና በአትክልቱ መካከል ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ቢኖር የሚነሣውን አቧራ ይይዛል። ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብም ዶሮዎቹን ከተበከለው ጥግ ይከልክል፤ እየጫሩ የሚለቅሙት አፈር እርሳሱን እስከ እንቁላሉ ያደርሰዋልና።

አፈሩን ማረም

አንዳንድ ሰዎች «እርሳሱን በተክል መጥጦ ማውጣት አይቻልምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሐሳቡ የሚማርክ ቢሆንም ስሌቱ አይደግፈውም። አንድ ካሬ ሜትር መሬት እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 260 ኪሎግራም ገደማ አፈር አለው። በኪሎግራም 400 ሚሊግራም ቢኖር በጠቅላላው 104 ግራም እርሳስ ነው። በዚያ ላይ የበቀለው ተክል በአንድ ምርት 1 ኪሎግራም ደረቅ ክብደት ቢሰጥና በጣም ብዙ ነው በሚባል ግምት 100 ሚሊግራም እርሳስ ቢይዝ፣ አንድ ምርት የሚያወጣው 0.1 ግራም ብቻ ነው። አፈሩን ወደ 200 ለማውረድ፣ ማለትም 52 ግራም ለማውጣት 520 ምርት ያስፈልጋል። እርሳስ ንጥረ ነገር ስለሆነ ባክቴሪያም አይበላውም፤ አቶሙ አይፈርስም። በኬሚካል አሟሙቶ ማውጣትም እርሳሱን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊያሰምጠው ስለሚችል በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

ማውጣት ካልተቻለ ማሰርና መሸፈን ይቻላል። የአፈር ፒኤች ሲወርድ እርሳስ ይበልጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን ወደ 6.5 እና 7 ማድረስ ይጠቅማል። ፎስፌት ከእርሳስ ጋር ተዋህዶ ፓይሮሞርፋይት የተባለ በውሃ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሟ ማዕድን ይፈጥራል። ይሁንና አርሰኒክ ባለበት አፈር ፎስፌት አርሰኒኩን ሊያስለቅቅ ስለሚችል ያለ ምርመራ መብዛት የለበትም። የደረቀና በሚገባ የበሰበሰ ብስባሽ ሦስት ጥቅም ይሰጣል፤ እርሳሱን ያስራል፣ መጠኑን ያቀጥነዋል፣ አፈሩንም እርጥብ አድርጎ አቧራ እንዳይነሣ ያደርጋል። ብስባሹ ግን ራሱ ከጊዜ ጋር ስለሚያልቅ በየዓመቱ መጨመር አለበት፤ ያለዚያ የቀጠነው ተመልሶ ይወፍራል።

ብክለቱ ከፍ ሲል የሚሻለው ከፍ ያለ መደብ ነው። በነባሩ አፈር ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ወይም ጆንያ አንጥፎ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም ባልተቀባ እንጨት ከልሎ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ንጹሕ አፈርና ብስባሽ መሙላት ነው። ቦታ ከጠበበ ጆንያ፣ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ከውጭ የሚመጣው አፈር ከየት እንደተቆፈረ መጠየቅ ይገባል።

መደቡም ቢሆን ለዘለዓለም ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በተደረገና በ2008 በታተመ ጥናት፣ ሲሠሩ 150 ሚሊግራም በኪሎግራም ገደማ የነበራቸው መደቦች በአራት ዓመት ውስጥ በአማካይ 336 ደርሰው ተገኝተዋል። ያደረሳቸው ከአካባቢው ባዶ መሬት ነፋስ ያመጣው አቧራ ነው። ስለዚህ በመደቦቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ በሣር፣ በጠጠር ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ መሸፈን፣ በተክሎቹ ሥርም ጉዝጓዝ ማልበስ የመደቡ አካል ተደርጎ መታየት አለበት። ጉዝጓዙ ዝናብ አፈሩን ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭም ያደርጋል።

ከጓሮ እስከ ማዕድ

የቀረው ሥራ በእጅና በውሃ የሚሠራ ነው። የጓሮ ጫማ ከደጅ ይውለቅ፤ የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ። አፈሩ ከመቆፈሩና ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፈከፍበት። ከጓሮ የመጣ ሰው ምግብ ከመንካቱ በፊት፣ ልጆችም ከጨዋታ ሲመለሱ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ይታጠቡ። አትክልቱ ቤት ከመግባቱ በፊት በውጭ አፈሩ ይራገፍ፤ የታችና የውጭ ቅጠሎች ይጣሉ። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተዘርግቶ፣ ውሃው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ይታጠብ፤ ጥቂት ኮምጣጤ ቢጨመርበት የተጣበቀውን አፈር ለማላቀቅ ይረዳል። መቀቀል ተሐዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያጠፋውም። ስለዚህ መታጠቡ የግድ ከመቀቀሉ ይቀድማል።

አመጋገብም የመከላከያው ክፍል ነው። ልጁ ቁርሱን በልቶ፣ በምግቡ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ሲ በበቂ አግኝቶ ከዋለ ወደ ደሙ የሚገባው እርሳስ ይቀንሳል። እነዚህን ከሚሰጡት ምግቦች መካከል ደግሞ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ይገኛሉ። በጥንቃቄ የለማ ጓሮ በዚህ በኩል ለቤተሰቡ ጋሻ ይሆናል፤ በፍርሃት የተተወና ባዶውን ለነፋስ የተጋለጠ ጓሮ ግን አቧራውን ወደ ቤት ይልካል።

መደምደሚያ

እርሳስ ከአፈር ባይጠፋም ከሰው ማራቅ ይቻላል። በአሜሪካዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት በ15 ዓመታት ውስጥ የአፈሩ መካከለኛ የእርሳስ መጠን ከ99 ወደ 54 ሚሊግራም በኪሎግራም፣ የልጆች ደም ውስጥ ያለው ደግሞ ከ3.6 ወደ 1.2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር መውረዱን አሳይቷል። የአፈሩ ላይኛ ገጽ ሲነጻ የልጆች ደምም አብሮ ይነጻል። ከተማ ሙሉ የሚያነጻ አቅም በአንድ ቤተሰብ እጅ ባይኖርም፣ መደብ፣ ጉዝጓዝ፣ ሳሙናና ውሃ ግን በየቤቱ አሉ። ሰባ አምስት ሚሊግራሙን ቁንጥር አፈር ከሳህኑና ከልጁ ጣት ላይ የሚያስወግዱት እነርሱ ናቸው።

ለአንባብያን የቀረቡ መልመጃዎች

1. በኪሎግራም 300 ሚሊግራም እርሳስ ያለበት አፈር፣ 20 ሚሊግራም ካለበት ብስባሽ ጋር በእኩል ክብደት ቢደባለቅ አዲሱ መጠን ስንት ይሆናል?

2. በኪሎግራም 250 ሚሊግራም እርሳስ ካለበት አፈር በቀን 80 ሚሊግራም የሚውጥ ሕፃን ስንት ማይክሮግራም እርሳስ ይወስዳል? ከ2.2 ማይክሮግራም ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ ነው?

3. በአንድ አፈር ላይ የበቀሉ ካሮትና ቲማቲም በሚገባ ታጥበው ቢመረመሩ በየትኛው ብዙ እርሳስ ይጠበቃል? ምክንያቱን ከሥር አሠራር ተነሥታችሁ አስረዱ።

የመጀመሪያው መልስ 160 ሚሊግራም በኪሎግራም ነው። የሁለተኛው 20 ማይክሮግራም፣ ማለትም 9 እጥፍ ገደማ ነው። ሦስተኛውን በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።